መስክ መለወጥና የምሁር ዕዳ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል የአገሬው ተረት። ይህ አባባል በትምህርት ቤት አካባቢ የሚጠቀሰው፣ በአንድ የሳይንስ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘ ወጣት ለድኅረ ምረቃ ትምህርቱ ሌላ መስክ መምረጡን ባስታወቀ ጊዜ ነው። ኬሚስትሪ ያጠናው ታሪክ ልማር ሲል፣ ሒሳብ ያጠናችው ፍልስፍና ላጥና ስትል፣ በፊዚክስ የተመረቀው ወደ ሥነ ሕይወት ወይም ወደ ሥነ ጥበብ ሲያዘነብል፣ ወላጅ ያዝናል፤ መምህር ቅር ይለዋል፤ ባልንጀራ «አራት ዓመት በከንቱ ቀረ» ይላል። አንዳንዱም ከዚህ አልፎ የከሃዲነት ስም ይሰጠዋል።

ተረቱ ግን በጥሞና ሲታይ የሚከለክለው ሁለቱን ዛፍ በአንድ ጊዜ መውጣትን ነው። ከአንዱ ወርዶ ሌላውን ስለ መውጣት የተናገረው ነገር የለም። ስለዚህ ጉዳዩ በተረት የሚዘጋ አይደለም። ክህደት ሊኖር የሚችለው አስቀድሞ የታማኝነት ግዴታ ሲኖር ነውና፣ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የሚከተለው ነው፤ ለመሆኑ የተማረ ሰው ታማኝነቱ ለማን ነው? ለተመረቀበት የትምህርት ክፍል ነውን? ለራሱ ዝንባሌ ነውን? ወይስ ከሁለቱም ውጭ ለሆነ ለሌላ?

የተቃዋሚው ክርክር በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ዕውቀት በግል ጥረት ብቻ የሚገኝ ሀብት አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከተቋቋመ ጀምሮ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የከፍተኛ ትምህርት ወጪ የተሸፈነው በአመዛኙ ከመንግሥት ካዝና ነው። ያን ካዝና ከሞሉት መካከል ደግሞ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ዕድል ያላገኘው ገበሬ ይገኝበታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በ1978 እስኪቋቋም ድረስ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለመማር የሚሻ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ለአንዱ ምሁር የሚወጣውም ወጪ በዚያው ልክ ከባድ ነበር። በ2003 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጪ መጋራት ሥርዓት ከተደነገገ ወዲህ ተመራቂው ከወጪው ከፊሉን እንዲመልስ ተደርጓል፤ ቀሪው ግን ዛሬም የሚወድቀው በሕዝብ ትከሻ ላይ ነው።

ከገንዘቡም በላይ የቦታው ነገር አለ። የቤተ ሙከራ ወንበር የተቈጠረ ነው፤ አንዱ ሲቀመጥበት ሌላው ይቀርበታል። ያ የቀረበት ሰው ምናልባት ዕድሜውን ሁሉ በኬሚስትሪ ለመኖር የቈረጠ ይሆናል። ወንበሩን አራት ዓመት ይዞ የተነሣው ሰው ወንበር ላጣው ሰው ምን መልስ ይሰጠዋል? ይህ ጥያቄ መስክ መለወጥን ለሚደግፍ ሁሉ ከባድ ጥያቄ ነው፤ መልስ ሳያገኝም ሊታለፍ አይገባም።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቆመው አስተሳሰብ የግለሰብን ነፃነት መሠረት ያደርጋል። የሰው ዕድሜው አንድ ነው፤ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ የመረጠው፣ ወይም ሌሎች የመረጡለት ነገር ዕድሜ ልኩን ሊያስረው አይገባም ይላል። በዚህም አባባል ውስጥ እውነት አለ። በኢትዮጵያ ብዙው ተማሪ የመጀመሪያ መስኩን የሚያገኘው በፈተና ውጤትና በምደባ ነው። በ2008 የወጣው መመሪያ ከዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ሲወስን፣ ዝንባሌያቸው ሌላ የነበረ ወጣቶችም ወደ ሳይንስና ወደ ምሕንድስና ክፍሎች መግባታቸው አልቀረም። መመሪያው ከአገሪቱ የባለሙያ እጥረት የመነጨ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። ሆኖም ሰው ባልመረጠው ነገር ላይ የሚጠየቀው ታማኝነት፣ ወዶና ፈቅዶ ከገባበት ጋር እኩል ሊሆን አይችልም።

ይሁን እንጂ የዝንባሌ ክርክርም ብቻውን አይበቃም። በሦስተኛ ዓመት የኳንተም ሜካኒክስ ትምህርት የከበደው ተማሪ ወደ ሌላ መስክ ሲያማትር፣ ስሜቱን የልብ ጥሪ ነው ይለዋል እንጂ ሽሽት ነው አይለውም። ጥሪና ሽሽት በመጀመሪያው ቀን መልካቸው አንድ ነው። ሁለቱም ክርክሮች የሚጋሩት ስሕተት ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ሰውን የመስኩ ንብረት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ዕውቀትን የሰውየው የግል ንብረት ያደርገዋል። እውነቱን ለማግኘት ከሁለቱም ወጣ ብሎ አንድ የታወቀ ምሳሌ መመርመር ይጠቅማል።

እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ክሪክ በ1916 ተወልዶ በ1937 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ። ከዚያም በዚያው ኮሌጅ የዶክትሬት ምርምር ጀመረ። የተሰጠው ርእስ ውኃ በከፍተኛ ሙቀት ጊዜ የሚኖረውን ዝልግልግነት መለካት ነበር፤ እርሱም ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ርእሱን እጅግ አሰልቺ እንደ ነበረ አድርጎ ገልጾታል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ምርምሩ ተቋረጠ፤ መሣሪያውም በቦምብ ድብደባ ወደመ። ክሪክ የጦርነቱን ዓመታት ያሳለፈው ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል በማግኔትና በድምፅ የሚፈነዱ የባሕር ፈንጂዎችን በመንደፍ ነበር። ጦርነቱ ባበቃ ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም፤ ዶክትሬቱ አልተጠናቀቀም፤ በያዘው ሥራ ለመቀጠል ግን ዕድሉ ነበረው።

በዚህ ጊዜ ክሪክ ራሱን መታዘብ ጀመረ። ከባልደረቦቹ ጋር ሲጫወት ስለ ፔኒሲሊንና ስለ መሰል አዳዲስ መድኃኒቶች በስሜት እንደሚያወራ አስተዋለ፤ ስለ ነገሩ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነበር። ከዚህም ተነሥቶ ሰውን በእውነት የሚስበው ማንም ሳያስገድደው የሚያወጋው ነገር ነው ሲል ደመደመ። ወጉን በዚህ ሚዛን ሲመዝነው ሁለት ጥያቄዎች ቀሩ፤ ሕይወት ያለውን ከሌለው የሚለየው ድንበር ምንድን ነው? አእምሮስ እንዴት ይሠራል? በ1947 የመጀመሪያውን ጥያቄ መርጦ፣ ከአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ባገኘው ድጎማ፣ ኬምብሪጅ ወደሚገኝ የሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ እንደ ጀማሪ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ተዛወረ።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ክሪክ የመረጠው የመስክ ስም ሳይሆን ጥያቄ መሆኑ ነው። ፊዚክስን ትቶታል ማለትም ያስቸግራል። በ1952 ከዊሊያም ኮክራንና ከቭላዲሚር ቫንድ ጋር ጠመዝማዛ ቅርጽ ያለው ሞለኪዩል ኤክስሬይን እንዴት እንደሚበትን በሒሳብ አስረዳ። በቀጣዩ ዓመት ከጄምስ ዋትሰን ጋር የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ለመፍታት ካስቻሉት መሣሪያዎች አንዱ ይህ ነበር። ሥራው የፊዚክስ ነው፤ ጥያቄው የሥነ ሕይወት ነው። ዋትሰንም ቢሆን በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥነ እንስሳት ሲያጠና ልቡ በወፎች ላይ ነበረ፤ በ1947 ተመርቆ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ ሲገባ ነው ፊቱን ወደ ዘር ውርስ ጥናት ያዞረው።

ይህን ታሪክ እንደ ድል ዜና ብቻ መተረክ ግን አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። ወደ አዲስ መስክ የሚገባ ሰው ድፍረቱ የሚጠቅመውን ያህል አላዋቂነቱ ያሰናክለዋል። ክሪክና ዋትሰን በ1951 መጨረሻ ገደማ ያቆሙት የመጀመሪያ ሞዴል ሦስት ገመድ ያለው፣ ፎስፌቶቹም ወደ ውስጥ የገቡ ነበር። ከለንደን ኪንግስ ኮሌጅ መጥታ የተመለከተችው ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ስሕተቱን ወዲያው አሳየቻቸው፤ ፎስፌቶቹ ወደ ውጭ መሆን ነበረባቸው፤ ሞለኪዩሉ የሚይዘው የውኃ መጠንም ሞዴሉ ከሚፈቅደው እጅግ ይበልጣል። በ1953 መጀመሪያም ዋትሰን የሞለኪዩሉን ክፍሎች ቅርጽ ከመማሪያ መጽሐፍ ወስዶ ሲደክም፣ የመጽሐፉ ቅርጽ የተሳሳተ መሆኑን የነገረው በዚያው ክፍል ይሠራ የነበረው የኬሚስትሪ ሰው ጄሪ ዶናሂው ነው። የእነዚህ ነባር ባለሙያዎች እርማት ባይኖር የአዲሶቹ ድፍረት ከሽቦና ከቆርቆሮ ክምር አያልፍም ነበር።

ፍራንክሊንም ራሷ መስክ ለውጣ የመጣች ናት። ዶክትሬቷን በ1945 ያገኘችው በድንጋይ ከሰል ላይ ባደረገችው ጥናት ነው። ከ1947 ጀምሮ በፓሪስ የኤክስሬይን አሠራር በትዕግሥት ከተማረች በኋላ ነው በ1951 ወደ ሕይወት ሞለኪዩሎች የተሸጋገረችው። እርሷ በምትመራው ሥራ የተነሣው ፎቶግራፍና የለካቻቸው ቍጥሮች ሳታውቅ ለኬምብሪጆቹ ደረሱ፤ ያበረከተችው ድርሻም በወቅቱ በሚገባ አልተነገረላትም። በ1958 በ37 ዓመቷ አረፈች፤ የኖቤል ሽልማቱ ለክሪክ፣ ለዋትሰንና ለሞሪስ ዊልኪንስ የተሰጠው በ1962 ነው። ስለዚህ መስክ የለወጠ ሰው ዕዳው ሁለት ነው፤ አንዱ ላስተማረው፣ ሌላው በአዲሱ ቤት ቀድመው ጎንበስ ብለው ሲሠሩ ለቆዩት። ይህ ሁለተኛው ዕዳ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ከኢትዮጵያም የኪነ ጥበብ ሰዎች በሚገባ የሚያውቁት ምሳሌ አለ። ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር። ለውጡ የመጣው ገና ከዲግሪ በፊት ቢሆንም የሞራሉ ጥያቄ ያው ነው። አገር የጠበቀችው ማዕድን የሚፈልግ መሐንዲስ ሲሆን፣ በለንደን በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው የተመለሱት ሠዓሊ ነበሩ። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘውና 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕላቸው የአህጉሩን ያለፈ መከራና የወደፊት ተስፋ ለትውልድ ያሳያል። ዛሬ ያን ሥዕል ቀና ብሎ የሚያይ ሰው «የማዕድን መሐንዲሱ የት ቀረ?» ብሎ አይጠይቅም።

ነገር ግን ይህ መልስ አደጋ አለው። በውጤት ብቻ ከተፈረደ፣ የተሳካለት ሁሉ ጻድቅ፣ ያልተሳካለት ሁሉ በደለኛ ሊሆን ነው። ፈላስፋው በርናርድ ዊሊያምስ በ1976 ስለ ዕድልና ስለ ሥነ ምግባር ባቀረበው ጽሑፍ ይህንኑ ችግር አንሥቶ፣ ቤተሰቡን ትቶ ወደ ሥዕሉ የሄደን ጎጋን የተባለ ሠዓሊ በምሳሌነት ወስዶ ነበር። ውሳኔውን ትክክል የሚያደርገው ምናልባት ኋላ የሚመጣው ውጤት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ደግሞ በውሳኔው ሰዓት አይታወቅም። ክሪክ በ1947 በእጁ ምንም ማረጋገጫ አልነበረውም። በ1952 ሞቶ ቢሆን ኖሮ ስሙን የሚያነሣ አይገኝም ነበር፤ ነገር ግን መስክ መለወጡ በዚያ ምክንያት ጥፋት አይሆንም። ዛሬ በድኅረ ምረቃ መግቢያ በር ላይ የቆመ ወጣትም፣ በሩን የሚከፍትለት ወይም የሚዘጋበት መምህርም የሚፈርዱት ውጤቱ ሳይታይ ነው። ስለዚህ በውሳኔው ሰዓት የሚታይ መመዘኛ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መመዘኛ ጥያቄው ነው። ሰውየው የሚሄድበትን ነገር፣ የሚተወውን ሳያማርር ሊያስረዳ ይችላልን? ስለ ቀድሞ ክፍሉ አሰልቺነት፣ ስለ መምህራኑ ክፋትና ስለ ደመወዙ ማነስ ብቻ የሚናገር ከሆነ ገና እየሸሸ ነው። አዲሱን ጥያቄ ሲያነሣ የቀድሞውን ክፍሉን የሚረሳ ከሆነ ግን ወደ አንድ ነገር እየሄደ ነው።

ሁለተኛው ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። መስክ የሚለውጥ ሰው ከእርሱ በዕድሜ ከሚያንሱት ጋር ተቀምጦ ከሀ ሁ ለመጀመር፣ በስሕተቱ ለመታረም፣ ጊዜውንም ለመሠዋት ፈቃደኛ መሆን አለበት። የቀድሞ ማዕረጉን ይዞ በአዲሱ ቤት የክብር ወንበር የሚሻ ከሆነ የሚከፍሉለት ሌሎች ናቸው።

ሦስተኛው፣ ወንበር ላጣው ሰው የሚሰጠው መልስም ያለበት፣ ሰውየው ይዞት የሚሄደው ነው። ለአራት ዓመት የተማረው ኬሚስትሪ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ሊቀበር አይገባም። የኬሚስትሪ ተመራቂ የሥነ ጥበብ ታሪክ ለማጥናት ቢገባ፣ ሌሎች በዓይን ብቻ የሚያዩትን የብራና ሥዕል እርሱ ቀለሙን መርምሮ ሊያናግረው ይችላል። ፕሩሺያን ሰማያዊ የሚባለው ቀለም በርሊን ውስጥ የተገኘው በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ያ ቀለም በአንድ ጥንታዊ ነው በሚባል ሥዕል ላይ ቢገኝ፣ ወይ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ የተሣለ ነው፤ ወይም ኋላ የታደሰ ነው። ይህን ለመለየት የሥዕል ፍቅርም የቤተ ሙከራ ልምድም በአንድ ሰው ውስጥ መገናኘት አለባቸው። እንዲህ ያለው ሰው የያዘውን የኬሚስትሪ ወንበር አላባከነም፤ ወደ ሌላ ክፍል ወስዶ ተቀመጠበት እንጂ። የተማረውን ጥሎ፣ እንደ ነውር ደብቆ የሚሄደው ግን ወንበር ላጣው ሰው የሚመልሰው አይኖረውም።

መስኮችን የሚለያዩት ግድግዳዎች የሰው እጅ ሥራ መሆናቸውም ሊዘነጋ አይገባም። የሕይወት ችግር ግድግዳውን አያውቀውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን የአንድ ክፍል ጥያቄ አልነበረም፤ የበሽታው ተመራማሪ፣ የኬሚስትሪው ሰው፣ የዕፀዋቱ አጥኚ፣ ከሁሉም በፊት እንዶዱን የሚያውቁት እናቶች በአንድነት የያዙት ጥያቄ ነው። አክሊሉ ለማ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉትም ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ነው። ጥያቄው ሁለት መስክ በጠየቀበት ቦታ፣ ሁለቱን መስክ የሚያውቅ ሰው መኖሩ ለአገር ኪሳራ ሳይሆን ትርፍ ነው።

ይህ ሲባል ለሁሉም በሩ ያለ ገደብ ይከፈት ማለት አይደለም። ሐኪም ቤት ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ያስፈልገዋል። አገልግሎት ለመስጠት ውል የገባ ሰው ውሉን መፈጸም አለበት፤ በሐቅ የገባውን ቃል አጥፎ ስለ ጥያቄ ክብር የሚናገር ሰው የሚያደምጠው አይገኝም። መስኩን ለመለወጥ የፈለገም ሰው አንዳንድ ጊዜ ግዴታው እስኪያበቃ መታገሥ ይኖርበታል። ክሪክም ወደ ሥነ ሕይወት የተሻገረው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ግዴታው ግን በአንድ ወገን ብቻ የሚቀር አይደለም። ተማሪን በምደባ ወደ አንድ መስክ ያስገባ ሥርዓት፣ ኋላ ጥያቄውን ላገኘ ሰው መሸጋገሪያ የማዘጋጀት ኃላፊነት አለበት። የመጀመሪያ ዲግሪው ስም ከድኅረ ምረቃው ስም ጋር ባለመግጠሙ ብቻ ማመልከቻን መመለስ ለመዝገብ ቤት ይቀላል፤ ለዕውቀት ግን አይበጅም። የጐደለውን መሠረት የሚሞላ የአንድ ዓመት ወይም የመንፈቅ ትምህርት መስጠት፣ ከዚያም በፈተና መለየት፣ ከሩቅ «አይሆንም» ከማለት የተሻለ ፍትሕ ነው። እንዲህ ያለው መሸጋገሪያ ሰነፉን ከትጉው ይለያል፤ ሽሽትን ከጥሪም ይለያል። የሸሸ ሰው ሁለተኛ ጀማሪ መሆንን ብዙም አይታገሥምና።

የተማረ ሰው ታማኝነት ለማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል። ክፍሉ መሣሪያ የሰጠው ቤት ነው፤ ዝንባሌው መንገድ የሚያሳየው ብርሃን ነው፤ ዕዳው ግን ለሁለቱም አይደለም። ዕዳው መሣሪያውን ላስገዛለት ሕዝብና ያ ሕዝብ መልስ እየጠበቀ ላለበት ጥያቄ ነው። በዚህ ዕዳ የጸና ሰው መስኩን ቢለውጥ ታማኝ ነው፤ ይህን ዕዳ የዘነጋ ደግሞ ከተመረቀበት ክፍል ሳይወጣ ቢያረጅም ታማኝ ሊባል አይችልም። የድኅረ ምረቃ አመልካችን የሚቀበል መምህርም የኬሚስትሪ ዲግሪ ይዞ የታሪክን በር ለሚያንኳኳው ወጣት ሁለት ነገር ቢጠይቀው በቂ ነው፤ የመጣህበት ጥያቄ ምንድን ነው? ከመጣህበት ቤትስ ምን ይዘህ መጣህ? ለሁለቱም መልስ ያለው ወጣት ወንበሩ ይገባዋል።